የኔታ ያልማሉበት ችሎት

በዳኝነት ዘመኔ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። አብዛኛውን ስህተቴን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አርሞልኛል፤ አንዳንዱን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው በሽማግሌ አቃንተውታል። አንዱ ግን ሳይታረም ቀርቷል። እሱን መሳሳቴን ያወቅሁት ከፈረድሁ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ያውም የእንግሊዝ አገር የጥንት ፍርድ ቤቶችን ታሪክ ስማር ነው። ጎጃም ውስጥ ያለች የአንዲት ሴት ሁለት ጥማድ መሬት ከእንግሊዝ ታሪክ ጋር ምን አገናኛት የሚል ይኖራል። እኔም እስክደርስበት ድረስ አላውቅም ነበር።

ዳኛ የሆንሁት ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ደብረ ማርቆስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጥቂት ጊዜ በጸሐፊነት ሠራሁ። ከዚያ የጥቂት ወራት የሕግ ሥልጠና ወሰድሁና፣ የምስክር ወረቀቴን እንደያዝሁ ከከተማው ራቅ ወዳለ አንድ ወረዳ ተመደብሁ። ያኔ ሕግ የተማረ ሰው ብርቅ ነበር። እኔም ብርቅ መሆኔን አልጠላሁትም። ለችሎት የምለብሰው ኮት የአጎቴ ነበር፤ ትከሻው ስለሚሰፋኝ ስቀመጥ ወደ ላይ እየተነሣ ጆሮዬ ሥር ይደርሳል። ሰዉ ግን ኮቱን አይቶ አልሳቀም። ዳኛ ነኛ! ሽማግሌው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ይነሣኛል።

ፍርድ ቤቱ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ምስክር መስማት አይቻልም፤ ችሎቱ ተነሣ ሳይባል ይነሣል። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ለክርስቲያኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለሙስሊሙ ነጋዴ ቁርዓን፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከነሱ ሥር ዳር ዳሩ የተበላ የሥነ ሥርዓት ሕግ ነበረኝ። ከሁሉ በላይ የማምነው ግን አንዲት ወረቀት ነበረች። በሥልጠናው ጊዜ አንዱ አሠልጣኝ ችሎት እንዴት እንደሚመራ ተራ በተራ ያስጻፈን ነው፤ ስም ጠይቅ፣ ዕድሜ ጠይቅ፣ አስምል፣ ጠይቅ፣ አስፈርም። ወረቀቷን መስታወት ሥር አድርጌ በየቀኑ እሷን እያየሁ እሠራለሁ። ሕጉን ገልጬ ማንበብ የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ነበርሁ።

ሴትዮዋ ከሳሽ ሆና የመጣችው ባሏ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት። ከቤቷ ግርጌ ሁለት ጥማድ ጥሩ ጤፍ የሚያበቅል መሬት አለ፤ ሌላው ይዞታዋ ውሃ የሚተኛበት፣ ከሣር በቀር የማይሰጥ ረግረግ ነው። ባሏ ሕመም ጀምሮት ማረስ ባቃተው ጊዜ ጤፉን መሬት ለጎረቤታቸው ለእኩል አራሽነት ሰጥቶት ነበር። ባልየው ሲሞት ጎረቤትየው መሬቱን አልመልስም አለ። «ለእኩል አልሰጠኝም፤ ከወንዙ ዳር መሬቴ ጋር ለውጦኛል» አለ። የወንዙን ዳር መሬት ደግሞ ጎርፍ ወስዶታል። እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ ሴትዮዋ የቀራት ረግረጉ ብቻ ነው ማለት ነው።

የሰነድ ማስረጃ የለም። ሁለቱ ወንዶች ሲዋዋሉ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ የኔታ። ስምምነቱ የተደረገው በታቦቱ የንግሥ ቀን፣ ደጀ ሰላሙ ውስጥ፣ እሳቸው ፊት ነው። ጉዳዩ በሙሉ በሳቸው ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ሴትዮዋም ታውቃለች፤ ጎረቤትየውም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

በቀጠሮው ቀን የኔታ ከነመቋሚያቸው ገቡ። ችሎቱ ሞልቶ ነበር፤ ከደጅ እንኳ በመስኮት የሚያይ ሰው ነበር። ስማቸውን ጠየቅሁ፤ ዕድሜያቸውን ጠየቅሁ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ከጨርቁ ፈትቼ ወደ ፊት ገፋሁት።

«ቀኝ እጅዎን ያስቀምጡና ይማሉ።»

«እሱንስ ተወኝ፣ ልጄ። የማውቀውን እነግርሃለሁ» አሉኝ።

«ሳይምሉ አልሰማዎትም፣ የኔታ።»

«ይኸ የምታስይዘኝ መጽሐፍ እኮ ራሱ መማልን ይከለክላል። እኔም ይህንኑ ሳስተምር ነው የሸበትሁት። ዛሬ በስተርጅና ላፍርሰው?»

«ሌሎች ካህናት እዚሁ ቆመው ምለዋል።»

«እነሱ የማሉ እንደሆነ ለነሱ ነው። ደግሞስ የሚዋሽ ሰው መሐላ የሚገደው ይመስልሃል?»

ሰዉ ሳቀ። የኔታ ለማሳቅ አልተናገሩትም፤ እኔ ግን የተሳቀብኝ መሰለኝ። ኮቴ፣ ወረቀቴ፣ የጥቂት ወራት ሥልጠናዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተነሡብኝ። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁና፣ «ምስክሩ ለመማል ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ቃላቸው አልተሰማም» ብዬ አስጻፍሁ።

ሴትዮዋ ካለችበት ብድግ አለች። «በሕግ አምላክ፣ ጌታዬ! እሳቸው አይዋሹም! አገር ይጠየቅ!»

«ተቀመጪ» አልኋት። አንቺ ነበር የምላት፤ በዕድሜ ታላቄ ናት፣ ዳኛ ግን ከካህን በቀር ሁሉን አንተና አንቺ ይላል ብዬ አምን ነበር። አልተቀመጠችም። ወደ የኔታ ዞራ እግራቸው ላይ ወደቀችና፣ «ስለ ልጆቼ ይማሉልኝ፤ ስለ ሙቱ ይማሉልኝ» አለች። የኔታ ጎንበስ ብለው ሊያነሷት ሞከሩ፤ አቅም አነሣቸው። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ» አሏትና በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ያኔ ግን አለመማላቸውን ትዕቢት ነው ብዬ ነበር።

ጎረቤትየውና ሦስት ምስክሮቹ ተራ በተራ መጽሐፉን እየመቱ ማሉ። አንዱ ምስክርማ «ማል» ሳልለው ነው የማለው። ምስክሮቹ ሦስቱም «መሬቱን ለውጦታል፤ አይተናል» አሉ። ይህን የሚያፈርስ ቃል መዝገቡ ላይ ስለሌለ በሳምንቱ ለጎረቤትየው ፈረድሁ። ፍርዱን ሳነብ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ቆንጆ ፍርድ ጻፍሁ ብዬ ነበር፤ ቅጂውን ለብቻዬ አስቀምጫለሁ።

ሴትዮዋ ይግባኝ ልትል ደብረ ማርቆስ ድረስ አንድ ጊዜ ሄዳ እንደ ነበር ሰማሁ። ወረቀት ጎድሏል ብለው መለሷት፤ ስትመላለስ ቀኑ አለፈባት። የኔታም በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከየደብሩ ሰው መጥቶ ነበር፤ እኔም ሄጄ አፈር አልብሻለሁ። ስለ ችሎቱ ጉዳይ አንድም ነገር አላሰብሁም።

ከዚያ በኋላ እንደኛ ያሉ የሥልጠና ዳኞች በክረምት በክረምት ዩኒቨርሲቲ እየገባን በዲግሪ እንድንማር ተባለ። ችሎት በሚዘጋበት ወራት ጎርፉንና ጭቃውን ጥሰን እንሰበሰባለን። ክፍሉ ውስጥ ካለነው የግማሾቻችን ፀጉር ሸብቷል፤ መምህራችን ግን ከአንዳንዳችን ልጅ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። የሕግ ሥርዓቶች ታሪክ የሚባለውን ትምህርት የሚያስተምረን ፎቶኮፒው ከደበዘዘ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ እየተረጎመ ነው። ማን ይፈልገዋል እያልን አጉረምርመናል። የእኛ ችግር የድንበርና የከብት ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ምናችን ነው?

ልጁ ግን ማስተማር ያውቅበታል። የእንግሊዝ ንጉሥ ዳኞቹን በፈረስ አስቀምጦ አገር ላገር ያዞራቸው እንደ ነበር ነገረን። ዳኞቹ ከየአገሩ ያዩትን ልማድ ወደ ከተማ ይዘው እየተመለሱ፣ እርስ በርስ እየተነጋገሩ፣ ለተመሳሳይ ነገር ተመሳሳይ ፍርድ መስጠት ለመዱ። ቀስ በቀስ የትናንቱ ፍርድ ለዛሬው ሕግ ሆነ። «አሁን የእኛስ ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም እናንተን ያስገድዳችሁ የለ?» ሲለን አዎ አልን። ቀጠለና፣ በጥንቱ ዘመን አሥራ ሁለት የአካባቢ ሰዎች ተመርጠው ይቀመጡ የነበረው ምስክር ሊሰሙ እንዳልሆነ አስረዳን፤ ነገሩን ራሳቸው ያውቁታል ተብሎ ነው፣ እነሱ ተጠያይቀው እገሌ ነው ይላሉ። ከኋላ የተቀመጠ የጎዛምን ዳኛ እጁን ሳያወጣ፣ «ይኸማ አውጫጭኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌባ ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አጥፊው እስኪገኝ ሜዳ ላይ የሚውልበትን ሥርዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አላጉረመረመም።

በማግስቱ ደግሞ በንጉሡ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዱ ዓይነት ክስ የታወቀ ማዘዣ እንደ ነበረ፣ በተሳሳተ ማዘዣ የመጣ ሰው እውነት ቢኖረውም እንደሚባረር አስተማረን። ቅጽ ጎደለህ ብሎ ሰው ያላባረረ በመካከላችን ስላልነበረ ሁላችንም ደብተራችን ላይ አቀረቀርን። የተባረሩት የንጉሡ ባለሟል ዘንድ ሄደው ያለቅሳሉ፤ ባለሟሉ ብዙ ጊዜ የቤተ ክህነት ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በሕጉ ፊደል ሳይሆን በኅሊናው ይፈርድላቸዋል። ይህም እያደር ራሱን የቻለ ሁለተኛ ዓይነት ፍርድ ቤት ሆነ። እኔ እያንዳንዱን በደብተሬ እየጻፍሁ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር።

ከዚያ መሐላ ላይ ደረሰ። ተከሳሽ አሥራ አንድም አሥራ ሁለትም ሰው ይዞ መጥቶ፣ ሰዎቹ ነገሩን ማየታቸውን ሳይሆን የሱ መሐላ ንጹሕ መሆኑን ምለውለት ነጻ የሚወጣበት ዘመን ነበረ። ቀጥሎ፣ ቆይተው ስለ መጡ አንዳንድ የክርስቲያን ወገኖች ተናገረ። እነዚህ ሰዎች መጽሐፋችን ከልክሎናል ብለው በፍርድ ቤት አንምልም አሉ። ታሰሩ። ንብረታቸው ተወሰደ። ምስክር መሆን ስለማይችሉ ማንም እየተነሣ ይቀማቸው ነበር፤ የሚዋሸው ምሎ ይረታል፣ እነሱ እውነቱን ይዘው ይወጣሉ። በመጨረሻ የእንግሊዝ ሕግ ተሸነፈላቸው። በመሐላ ፈንታ እውነት እናገራለሁ ብለው እንዲያረጋግጡ ተፈቀደላቸው። ያ ፈቃድ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ እዚያ ርዕሰ ብሔሩ እንኳ ካልፈለገ አይምልም፣ ያረጋግጣል።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ።

መምህሩ ቀጠለ። «የእኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙው ነገሩ እንግሊዞች ለሕንድ ካረቀቁት የተቀዳ ነው። ስለዚህ እናንተ መሳቢያ ውስጥም አለላችሁ። ምስክር ይምላል፤ መማል ካልፈለገ እውነት ለመናገር ያረጋግጣል። መቼም ትሠሩበታላችሁ።»

የጎዛምኑ ዳኛ፣ «እንዴታ» አለ። እኔ ሕጉን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ያው ዳር ዳሩ የተበላው ነው። አንቀጹን አገኘሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር ተኝቶ የኖረ ነው። የኔታ «የማውቀውን እነግርሃለሁ» ሲሉኝ፣ «እውነት ለመናገር ያረጋግጣሉ?» ብዬ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አፈርሁ። አፈርሁ ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ መስሎኝ ቀና ማለት አቃተኝ።

ክረምቱ ሲያልቅ ተመልሼ ከመዝገብ ቤት ዶሴውን አስወጣሁ። ያስጻፍሁት ቃል እንዳለ አለ። ይግባኙ ጊዜው ካለፈ ሰባት ዓመት አልፎታል። ደብረ ማርቆስ ያሉ አንድ ትልቅ ዳኛ ጠየቅሁ፤ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ዝም በል» አሉኝ። ዝም ማለት አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ እኔ ችሎት የቆመ ምስክር ሁሉ መማል ወይስ ማረጋገጥ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ይህ ግን ለሌላው እንጂ ለሷ ምን ይረባታል?

ያ የእንግሊዙ የንጉሥ ባለሟል ትዝ አለኝ። እኛ አገር ሕግ የዘጋውን የሚከፍት ሽማግሌ ነው። ዳኛ በፈረደበት ነገር ሽማግሌ ሆኖ መሄድ ነውር እንደሆነ እያወቅሁ፣ አንድ ቄስ ይዤ ወደ ጎረቤትየው ቤት ሄድሁ። ሰውየው ሞቷል። መሬቱን የሚያርሰው ልጁ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ጎልማሳ። ተቀብሎ አስቀመጠን። ስህተቴን ነገርሁት። «ግማሹን እንኳ ብትመልስላት» አልሁት።

«አባቴ ያን ቀን ምሎ፣ ሦስት ሰው አስምሎ ነው የወሰደው» አለ። «እኔ ዛሬ ብመልስ አባቴ በሐሰት ምሏል ማለቴ ነው። በሐሰት የማለ ሰው ነፍስ የት እንደምትሄድ ቄሱን ይጠይቋቸው። አባቴን በገዛ እጄ እዚያ አልጨምረውም።»

ቄሱ ወደ መሬት አዩ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ ባዶ እጄን ሴትዮዋ ዘንድ ሄድሁ። ልጆቿን ድራ፣ ወረዳው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ለሸማኔ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ ነጠላዋን አስተካክላ በርጩማ ሰጠችኝ። «ምን እግር ጣለዎት፣ ጌታዬ?» አለችኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ እያልሁ ሁሉንም ነገርኋት፤ ሕጉ ይፈቅድ እንደ ነበር፣ እኔ እንዳላነበብሁት፣ የሰውየውም ልጅ እንቢ እንዳለኝ። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እንድትጮኽብኝም ፈልጌ ነበር።

እሷ ግን እንዝርቷን ይዛ፣ «እና የኔታ ያልማሉት ነገሬ ሐሰት መስሏቸው አልነበረም?» አለች።

«አልነበረም። ነገርዎ ሐሰት ቢሆንማ እንባ አቅርረው ባልወጡ ነበር። ቢጠየቁ ኖሮ ለእርስዎ ይመሰክሩ ነበር። ያልጠየቅኋቸው እኔ ነኝ።»

እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ሰዉ፣ 'ሌላው ካህን ሁሉ ይምል የለ? እሳቸው ለሐሰት መማል ፈርተው ነው፤ መጽሐፉን ሰበብ አደረጉት' አለኝ። ጎረቤቴ ነው ያስወራው፤ እኔም እያደር አመንሁት። ባሌ እውነትም መሬቱን ለውጦ፣ ደብቆኝ ሞተ ብዬ ስንት ዘመን ሙት ስወቅስ ኖርሁ። የኔታንም ተቀየምኋቸው። በመንገድ ሲመጡ አቋርጬ እሄዳለሁ። 'እንዴት ዋልሽ ልጄ' ሲሉኝ አልመልስም። ያረፉ ዕለት አገር ሁሉ ሲወጣ እኔ በሬን ዘግቼ ጥጤን ስፈትል ዋልሁ።»

«መሬቱን በሌላ መንገድ...» ብዬ ጀመርሁ። ምን መንገድ እንዳለ አላውቅም፤ ዝም ማለት ስላልቻልሁ ነው።

«መሬቱን ተወው» አለችኝ። እርስዎ ማለቷን እዚያ ላይ ተወችው። «መሬትስ እኔ ስሞትም እዚያው ነው። የኔታን ሳልቀብራቸው መቅረቴን በየትኛው ሕግ ታስመልስልኛለህ?»

ተነሥቼ እስክወጣ ድረስ እንዝርቷን አላነሣችም።